አለ፣ ልጻፍበት?

ዶላሞን ከከብት መንከሪያው ገንዳ በገመድ ጎትተው ሲያወጡት የቆመው ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ሃምሳ አለቃ ውባንቺ ብቻ አላዞረችም። ውሃው እንደ ሐሞት አረንጓዴ ነው፤ ፋንድያ፣ ፀጉርና የሞተ መዥገር ሰፍፎበታል። የመዥገር መድኃኒቱ ሽታ ጉሮሮ ላይ ይለጠፍና ምራቅ ቢውጡበትም አይወርድም። ዶላሞ አፉን እንደከፈተ ነው የሞተው። አፉ ውስጥ ምን እንደነበረ መናገር አያስፈልግም።

ገንዳው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ዶላሞ ይሠራበት የነበረው የከብት ጤና ፕሮጀክት ኃላፊ ዶክተር ተፈሪ ነው። የቁርሱ ዘይት ገና ከከንፈሩ አልደረቀም።

«ሰክሮ ነው የወደቀው፤ ጠርሙሱም ይኸው» አለ።

እውነትም ከሬሳው ሸሚዝ አረቄ አረቄ ይሸታል። ገንዳው ጠርዝ ላይ የቢራ ጠርሙስ ቆሟል፤ ወረቀቱ ተልጦ ሙልጭ ያለ፣ እስከ ወገቡ አረቄ ያለበት።

«ማን አጠጣው ይላሉ፣ ዶክተር?»

«ማን ይሆናል? ያቺ አረቄ ሻጭ ቦሼ ናታ! ማክሰኞ ገበያ መሃል ‹ላሜን ገደልክ፣ አንተንም ይግደልህ› ብላ ስትረግመው ጂንካ ሁሉ ሰምቷል። አጠጣችው፣ ገፈተረችው። ይሄ ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ?»

ስንጥሩን አወጣ፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን የሥጋ ክር አየና መልሶ አፉ ከተተው። ውባንቺ ከሬሳው ያላዞረችውን ፊቷን ከዚህ አዞረች።

ቁጢጥ ብላ የሟቹን አንገት አየች። ማጅራቱ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የበለዙ ምልክቶች አሉ። አጥሩ ላይ ደግሞ ከብት ሲነከር ጭንቅላቱን ወደ ውሃው የሚያጠልቁበት ጫፉ መንታ የሆነ እንጨት ተደግፏል። አንዴ እንጨቱን አየች፣ አንዴ አንገቱን። ሰክሮ የወደቀን ሰው እንጨት ማጅራቱን አይዘውም። ተነሳች።

ጣቢያ ስትደርስ ቦሼን አስረዋታል። አዛዡ መቶ አለቃም ወስኖ ጨርሷል።

«ቅዳሜ የጭነት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ይወጣል። ሴትዮዋም ከነፋይሏ ትሄዳለች።»

«ዛሬ እኮ ገና ሐሙስ ነው፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንዴ የያዝሽውን አለመልቀቅሽ ያስጠላኛል።»

«እኔም ዛሬ ብዙ ነገር ነው ያስጠላኝ። እስከ ቅዳሜ ይተዉልኝ።»

መቶ አለቃው እጁን አወናጨፈ። እንደፈለግሽ ማለቱ ነው። ውባንቺ ግን ታውቀዋለች፤ ቅዳሜ መኪናው ሲነሳ ነገሩም አብሮ ይነሳል። ከዚያ በኋላ አንዲት አረቄ ሻጭ ከዚያ ሁሉ መንገድ ማዶ ምን ሆነች ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ቦሼ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አሪ ናት፤ አማርኛዋን የተማረችው አረቄ ቤቷ ውስጥ፣ ከጠጪ ነው።

«ገደልሽው?»

«መግደል አላውቅም። ላሜ ሞተ። እኔ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ አበቃ።»

በዚያ ዓመት ፕሮጀክቱ የሐመርን፣ የበናንና የአሪን ከብት ደስታ ለሚሉት በሽታ ከትቦ ነበር። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ገብቶ የወጣበት በረት ቆዳ ብቻ ነው የሚተርፈው። ክትባቱን ተማምነው ነድተው ያመጡት ከብት ካልተከተበው እኩል አለቀ። ጥንብ አንሳ ጠግቦ መብረር እስኪያቅተው ድረስ።

«ለምን ዶላሞን ረገምሽ? ከታቢው እሱ አይደለም፤ ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው።»

«ላሜ ሲሞት ከፕሮጀክት የመጣ እሱ ብቻ ነው። አጠገቤ ቁጭ አለ። ‹ቦሼ፣ መድኃኒቱ ሞቶ ነበር› አለኝ። ታዲያ የሞተ መድኃኒት ለምን ወጋችሁ? ያንን ብዬ ነው የረገምኩት።» አይኗን በመዳፏ ጠረገች። «እውነት የነገረኝን ሰው ረገምኩ።»

«አረቄ ከአንቺ ይገዛ ነበር?»

ቦሼ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «ዶላሞ? ጴንጤው? በደጄ ሲያልፍ እንኳ አፍንጫውን ይይዛል!»

«ረቡዕ ጠርሙስ ሞልቶ የወሰደ ማን ነው?»

«እኔ በመለኪያ ነው የምሸጥ። ጠርሙስ ገዢው ራሱ ያመጣል። ረቡዕ ያመጣ ዘሩ ነው፤ የፕሮጀክት ዘሩ።»

ውባንቺ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ በታች ወዳለው የፕሮጀክቱ ቢሮ ሄዳ እንደ ልማዷ መጀመሪያ በሩን አየች፤ አልተሰበረም። ቁልፍ የነበራቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። የቀሩት ዶክተሩ፣ የአስተዳደር ኃላፊው ዘሩ፣ ከዶላሞ ጋር ኮምፒዩተሩ ላይ የምትሠራው አለምነሽ ናቸው።

ዘሩ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ዝውውር የሚጠይቅ ሰው ነው።

«ረቡዕ አረቄ ገዝተዋል።»

«ጂንካ ውስጥ ሌላ ምን ይገዛል?»

«ለማን?»

«ለራሴ።» ይህን ሲል የውባንቺን ፊት ሳይሆን የዶክተሩን በር አየ።

«ከዶላሞ ጋር አትስማሙም አሉ።»

«አንዴ ሰው ፊት ስቆብኛል። ለሳቀብኝ ሁሉ ሰው የምገድል ቢሆን፣ ሃምሳ አለቃ፣ እዚህ ከተማ ማን ይተርፍ ነበር?»

ውባንቺ ልትስቅ ነበር፤ ግን ቀጥሎ ያየችው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳቋን መለሰው። አለምነሽ ከፈተችላት። ከውስጥ የወጣው ሽታ ሁለቱንም ወደ ኋላ አራመዳቸው። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የፍየል ጭን ተጋድሟል፤ ደሙ ተንጠባጥቦ የክትባቱ ካርቶኖች ላይ ረግቷል። ከጎኑ ቢራ ተደርድሯል። ከቢራው ላይ በርጥበት የተላጠ ወረቀት አንዱ ካርቶን ላይ ተለጥፏል።

«ይሄ የማን ነው?»

አለምነሽ አቀረቀረች። «የዶክተር እንግዶች ይመጣሉ፣ እትዬ። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። ብዙ ሥጋ ሲገባ ደግሞ ክትባቱን አውጥተን ደጅ እናስቀምጣለን። ዶላሞ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን እያነበበ ኮምፒዩተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። ይናደድ ነበር።»

«ይሄ ክትባት ነው ከብቱ የተወጋው?»

«አዎ።»

ውባንቺ በሩን በእግሯ ዘጋችው። በእጇ መንካት ቀፈፋት።

ዶክተር ተፈሪ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንጋሎ ነው የተቀበላት። ተነስቶ እጅ አልሰጣትም፤ ተቀመጪም አላላትም።

«ክትባቱ ተበላሽቶ ነበር የሚል ወሬ ሰማሁ» አለች።

«የአረቄ ቤት ወሬ ነው። ማቀዝቀዣው አንድ ቀንም አልሞቀም። ከፈለግሽ ኮምፒዩተሩን አሳዩኝ በያቸው፤ ኮምፒዩተር እንደ ሰው አይዋሽም።» ፈገግ አለ። «እርግጥ ላንቺ ቢያሳዩሽም ምን ሊገባሽ።»

«እርስዎ ይሠሩበታል?»

«እኔ? ሰባት ዓመት ውጭ አገር የተማርኩት ለጸሐፊ ሥራ አይደለም። ነክቼውም አላውቅ።»

ጠርሙስ ከፈተ። ቢራው ቀዝቅዞ ላብ አውጥቷል። ሲያነሳው ወረቀቱ ተላጠና አውራ ጣቱ ላይ ቀረ፤ አይቶ ሱሪው ላይ ጠረገው። በዚያ ሙቀት ጂንካ ውስጥ ሌላው ሰው ቢራውን ለብ እንዳለ ነው የሚጠጣው።

ኮምፒዩተሩ ያለው ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ፈረንጅ አምጥቶት፣ ዶላሞን አስተምሮ ሄዷል። አለምነሽ የፕላስቲክ ልብሱን ገፋ አድርጋ የወሩን የሙቀት መዝገብ አወጣችላት። ቁጥሮቹን እያነበበች አስረዳቻት። ማቀዝቀዣው በየቀኑ ማለት ይቻላል እንደ ደጁ ሞቋል።

«ዶክተሩ ግን አንድ ቀንም አልሞቀም አሉኝ። ኮምፒዩተሩን ጠይቂ አሉኝ።»

«እንዴት እንዲህ ይላሉ? ይኸው...» አለምነሽ ድንገት ቆመች። «ይሄ ምንድን ነው? እትዬ፣ እዚህ ‹አዲስ› የሚል ማኅደር አለ። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ አልነበረም።»

ከፈተችው። ውስጡ በዚያው ስም ሌላ መዝገብ አለ። በዚህኛው ማቀዝቀዣው ከጥግ እስከ ጥግ ቀዝቃዛ ነው። የተጻፈው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነው።

«አስረጂኝ። እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ፤ አላውቅምና።»

«ማሽኑን ስንዘጋ ዶላሞ የሠራው ትዕዛዝ ራሱ ይነሳል። የሠራነውን ወደ ማኅደር ያስገባል። ግን ዝም ብሎ አያስገባም፤ መጀመሪያ በዚያ ስም ሌላ መኖሩን ያያል። ካለ ‹አለ፣ ልጻፍበት?› ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልሽው በላዩ ይጽፍበታል፤ አሮጌው ድምጥማጡ ይጠፋል። ይቅር ካልሽው አሮጌውን ሳይነካ አዲሱን ‹አዲስ› ውስጥ ያስቀምጣል። ‹አዲስ› የሚባል ማኅደር ከሌለም ራሱ ይፈጥራል።»

«እሺ እና ይቅር ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«በአንድ ፊደል ነው፣ እትዬ። ማሽኑ የኛን ፊደል አያውቅም፤ በፈረንጅ ፊደል ነው አማርኛ የምናናግረው። መጀመሪያ አዎ እና አይ ልናደርገው ነበር፤ ሁለቱም በኤ ይጀምራሉና ሊለይልን ነው? ስለዚህ ለእሺ ኢ፣ ለይቅር ዋይ አደረግነው።» ትንሽ ሳቅ አመለጣት። «ጋሽ ዘሩ እንደመጣ የዘበኞችን ተራ ቀይሮ ሊያስገባ ዋይን ተጫነ። አዲስ አበባ ሲሠለጥን ዋይ ማለት ‹የስ› ነዋ! አሮጌው ተራ እየወጣ ሁለት ዘበኞች በአንድ ወንበር ተደባደቡ። ዶላሞ እንባው እስኪፈስ ሳቀበት። አሁንማ ጋሽ ዘሩ በእንቅልፉም ኢ ነው የሚለው።» ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደባት። «ዶላሞ እንዲያ ሲስቅ...»

ውባንቺ ትከሻዋን ይዛ ጠበቀቻት። ከዚያ ወደ ፊደሎቹ ጎንበስ አለች። ቁጥሮቹ ሁሉ አድፈዋል፤ ከፊደሎቹ ግን አንዱ ላይ ብቻ አረንጓዴ ነገር ደርቆ ተለጥፏል። በጣቷ ፈቀፈቀችና አሸተተችው። የገንዳው ውሃ ነው። ያ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፈው ሽታ።

«ይሄ ማን የሚባል ፊደል ነው?»

አለምነሽ አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ዋይ ነው፣ እትዬ።»

«ለማንም እንዳትነግሪ። ለእናትሽም ቢሆን።»

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው የፕሮጀክቱ ቢሮ ደጅ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል፤ ውባንቺ ሁሉንም ኮምፒዩተሩ ክፍል ሰብስባለች። ቦሼ እጇ በካቴና ታስሮ ገባች። መቶ አለቃው ሰዓቱን እያየ፣ ዘሩ ጥፍሩን እየበላ፣ አለምነሽ ማሽኑ አጠገብ፣ ዶክተሩ እግሩን አጣምሮ ተቀመጡ።

«ቶሎ በይ» አለ መቶ አለቃው።

ውባንቺ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዶላሞ አረቄ አይጠጣም። ሸሚዙ ላይ የፈሰሰው ከሞተ በኋላ ነው። ገፍትረው ጥለውት ብቻ አልተዉትም፤ ራሱን ሊያወጣ ሲል ከብት በሚያጠልቁበት መንታ እንጨት ማጅራቱን ይዘው ታች አቆዩት። ያንን ውሃ አስጠጥተው ነው የገደሉት።»

ቦሼ በአሪኛ አንድ ነገር አጉረመረመች።

«ለምን? ዶላሞ ማቀዝቀዣው መሞቁን በየቀኑ ጽፏል። የተበላሸ ክትባት ለሰው ከብት መሰጠቱ ከዚያ ይታወቃል። አንድ ሰው ‹ያንን ጽሑፍ ለውጠው› አለው፤ ዶላሞ እምቢ አለ። ስለዚህ ገደለውና ራሱ ሊለውጠው ከገንዳው በቀጥታ ወደዚህ ክፍል መጣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ያንን እድፍ ይዞ። አለምነሽ፣ እስቲ አሳዪን።»

አለምነሽ የወሩን መዝገብ እንደገና ለማስገባት ማሽኑን ዘጋች። ጥያቄው መስታወቱ ላይ ወጣ።

«‹አለ፣ ልጻፍበት?› ይላል» አለች ውባንቺ። «ረቡዕም ገዳዩን እንዲሁ ጠየቀው። ገዳዩም ይቅር አለው።»

«ይቅር ማለት ምንድን ነው?» አለ መቶ አለቃው።

«አሮጌውን አትንካው፣ ተወው ማለት ነው። ስለዚህ የዶላሞ ጽሑፍ እንዳለ አለ፤ ውሸቱም ብቻውን ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ይኸው ሁለቱም።»

ዶክተሩ እግሩን ፈታ።

«አለምነሽ ብትሆን ታጠፋው ነበር፤ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ጓድ ዘሩም አንዴ ተሳስቶ ተስቆበታል፤ አይደግመውም። ታዲያ ይሄ ሰው ማን ነው? ሰው ገድሎ፣ ጉዱን ሊያጠፋ መጥቶ፣ ‹እባክህ አታጥፋው› ብሎ የሚሄድ?» ውባንቺ ወደ መቶ አለቃው ዞራ ሳቀች፤ አስቀያሚ ሳቅ ነበር። «ብዙ ወንጀለኛ አይቻለሁ፣ ጌታዬ። እንደዚህ ያለ ደንቆሮ ግን አላየሁም። ፊደል ያልቆጠረ መሆን አለበት። እኔ በመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ ነው የተማርኩት፤ እኔ እንኳ ይሄን አልሳሳትም። ከብት ነው! እንደነከሩት ከብት!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» ዶክተሩ ፊቱ ቀልቶ ከወንበሩ ተነሳ። «የት አገር ነው ዋይ ‹ይቅር› የሚሆነው? ዋይ ‹የስ› ነው! በዓለም ሁሉ ‹የስ› ነው!»

መቶ አለቃው ከሰዓቱ ቀና አለ። ደጅ መኪናው ያጓራል።

«ዋይ ያለ ሰው አለ?» አለች ውባንቺ ቀስ ብላ። «መቶ አለቃ፣ እኔ ዋይ ብያለሁ?»

«አላልሽም።»

«እኔም አልሰማ» አለች ቦሼ።

«አለምነሽ ለማንም አልነገረችም። ፊደሉን የሚያውቀው በማሽኑ የሚሠሩት፣ እኔና የተጫነው ሰው ነን።» እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ስትለው የቆየችው ሴት አሁን ተጠግታ ቆመች። «አንተ ነክቼውም አላውቅ አላልክም? ታዲያ ዋይ ከየት መጣብህ?»

ዶክተሩ ወደ በሩ አየ።

«አረቄውን ለእሱ ነው የገዛሁት!» ዘሩ ከወንበሩ ፈነጠረ። «ለጨጓራዬ ብሎ ጠርሙሱን ሰጥቶ ላከኝ! ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«ጠርሙሱን ማየት ይበቃል» አለች ውባንቺ። «ወረቀቱ በቅዝቃዜ ላብ ተልጧል። የተላጠው ወረቀት አሁንም ክትባቱ ካርቶን ላይ፣ ከፍየሉ ደም ጋር ተለጥፎ አለ። አንተ ሥጋህንና ቢራህን ልታቀዘቅዝ የዚህን ሕዝብ ከብት በሙሉ ፈጀህ። ከዚያ እውነቱን የጻፈውን ልጅ በፋንድያ አፍነህ ገደልክ። ከዚያ ደግሞ እዚያ ቆመህ ጥርስህን ጎረጎርክ።» በጣቷ አፉን አመለከተች። «ግድያውን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያንን ስንጥር ነው መርሳት ያቃተኝ።»

መቶ አለቃው ራሱ የቦሼን ካቴና ፈታ። አይኗን ሳያይ ወደ ዶክተሩ እጅ አዞረው። ብረቱ ቀጭ አለ።

«ሳላስበው ነው... ሃምሳ አለቃ፣ እባክሽ... ይቅር በሉኝ!»

ቦሼ የተላጠ አንጓዋን እያሻሸች አየችው። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ጫማው አጠገብ፣ እንትፍ አለች።

«እኔን ምን ትለኛለህ?» አለች ውባንቺ። «በዕድሜህ አንዴ ይቅር ብለሃል። እሱንም ሳታውቅ ነው ያልከው።»

ወደ ደጅ ወሰዱት። ማሽኑ ግን ጥያቄውን እንደያዘ እየጠበቀ ነበር። አለምነሽ ቀና ብላ ውባንቺን አየቻት። ውባንቺ አንገቷን ነቀነቀችላት።

ልጅቷ ያንን የቆሸሸ ፊደል በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ ከዚያ ዋይን ተጫነች።